የትውልድ ቦታ ዜግነትና የአርቃቂዎቹ ሐሳብ፦ የአሜሪካ 14ኛ ማሻሻያ ታሪክ

የዓለም አገሮች የዜግነት ሕግ በአብዛኛው በሁለት መሠረቶች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው የደም ሐረግ ሲሆን ልጅ የትም ይወለድ የትም የወላጆቹን ዜግነት ይወርሳል የሚል ነው፤ ሁለተኛው የትውልድ ቦታ ሲሆን ወላጆቹ ከየትም ይምጡ ከየት፣ በአገሪቱ ምድር የተወለደ ሰው የዚያች አገር ዜጋ ነው የሚል ነው። ኢትዮጵያ በ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ካወጣችበት ጊዜ አንሥቶ የደም ሐረግን መሠረት አድርጋ የኖረች በመሆኗ የሁለተኛው መሠረት አመጣጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ዩናይትድ ስቴትስ ግን ይህን መሠረት በ1868 በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስፍራዋለች (ይህ ዓመትና ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ14ኛው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መሠረት በአገሪቱ የተወለዱ ወይም በሕግ ዜግነት የተሰጣቸው፣ ለሥልጣኗም ተገዢ የሆኑ ሰዎች ሁሉ የዩናይትድ ስቴትስና የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ዜጎች ናቸው። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረው «ለሥልጣኗ ተገዢ» የሚለው ሐረግ ነው። ተከራካሪዎቹ ወገኖች ሁለቱም ወደ 1866 ተመልሰው ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ምን አስበው ነበር ብለው ስለሚጠይቁ፣ ጉዳዩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጥያቄ ሆኗል፤ የታሪክ ጥያቄ እንደመሆኑም ከመዛግብት የሚገኝ መልስ አለው።

የትውልድ ቦታ ሕግ ሥሩ እንግሊዝ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ በ1603 የእንግሊዝን ዘውድ ወርሶ ጄምስ 1ኛ ተብሎ በነገሠ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ በስኮትላንድ የሚወለዱ ሰዎች በእንግሊዝ እንደ ባዕድ ይቆጠሩ ወይስ እንደ አገሬው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ባዕድ በእንግሊዝ ርስት መያዝ ስለማይፈቀድለት ነገሩ ሀብትንም የሚነካ ነበር። ሮበርት ካልቪን በተባለ ስኮትላንዳዊ ሕፃን ስም በቀረበው የመሬት ክስ ላይ ዳኞቹ በ1608 ሕፃኑ ባዕድ አይደለም ብለው ወሰኑ። ውሳኔውን በጽሑፍ ያቆየው ዳኛ ኤድዋርድ ኩክ እንዳብራራው፣ ንጉሡ በግዛቱ ለሚወለድ ሰው ጥበቃ ይሰጣል፣ ጥበቃ ያገኘው ሰውም በምላሹ ታዛዥነት ይኖርበታል፤ ስለዚህ አንድን ሰው የንጉሡ ተገዢ የሚያደርገው በዚህ ጥበቃና ታዛዥነት ሥር መወለዱ እንጂ የወላጆቹ ማንነት አይደለም። ከዚህ ውጪ የሚሆኑት የውጭ መልእክተኞች ልጆችና አገሩን በጦር የያዘ ጠላት የሚወልዳቸው ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አካላቸው በአገሩ ቢኖርም የአገሩ ሕግ አይገዛቸውምና። ይህ ደንብ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ተጠራቅሞ ከሚገነባው የእንግሊዝ የልማድ ሕግ ጋር ወደ ሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተሻገረ፤ ቅኝ ግዛቶቹ ነጻ ከወጡ በኋላም በፍርድ ቤቶቻቸው መሥራቱን አላቋረጠም።

በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት የሚሆነው ሰው በትውልድ ዜጋ የሆነ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ዜጋ ማን እንደሆነ ግን አይተረጉምም። ክፍተቱን የሞላው የልማዱ ሕግ ነበር። በ1844 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ለጊዜው ከአየርላንድ መጥተው ከተመለሱ ወላጆች በኒው ዮርክ የተወለደችውን የጁሊያ ሊንችን ጉዳይ ሲያይ፣ ወላጆቿ መንገደኞች ቢሆኑም ልጅቱ አሜሪካዊት ናት ብሎ ፈርዷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለነጮች ነበር። በአሜሪካ ምድር የተወለዱ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሌላ አገር የማያውቁ ሚሊዮኖች ጥቁሮች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ ነጻ የወጡትም ቢሆኑ የዜግነታቸው ነገር ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያይ ነበር።

ይህን ያልተፈታ ነገር በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በክፉ መንገድ ቋጨው። ድሬድ ስኮት በቨርጂኒያ በባርነት ተወልዶ፣ ባርነት በተከለከለባቸው በኢሊኖይና በዊስኮንሲን ግዛት ከጌታው ጋር የኖረ ሰው ሲሆን፣ በነጻ ምድር ኖሬአለሁና ነጻ ልባል ብሎ ከ1846 ጀምሮ በፍርድ ቤት ሲሟገት ቆየ። ማርች 6 ቀን 1857 ሮጀር ቴኒ የሚመራው ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ስኮት ዜጋ ስላልሆነ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ የመመሥረት መብት የለውም አለ። የቴኒ የአተረጓጎም ዘዴ ዛሬ ለሚካሄደው ክርክር ልዩ ትርጉም አለው። የሕገ መንግሥቱ ቃላት በጸደቁበት ጊዜ የነበራቸውን ትርጉም ይዘው መነበብ አለባቸው፣ በዚያ ጊዜ ጥቁሮች «ሕዝብ» ከሚለው ቃል ውስጥ አልተቆጠሩም፣ ስለዚህ በዚህች አገር የተወለደ ጥቁር ባሪያም ሆነ ነጻ ዜጋ ሊሆን አይችልም የሚል ነበር። የአርቃቂዎችን የመጀመሪያ ሐሳብ ፍለጋ በዜግነት ጉዳይ ላይ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ትልቁን ሥራ የሠራው በዚህ ውሳኔ ውስጥ ነው፤ የሠራውም ሰዎችን ከአገራቸው ለማስወጣት ነው። ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ በልዩነት ሐሳቡ ቴኒን በራሱ ዘዴ ገጠመው። የሕገ መንግሥቱ ቀዳሚ የሆነው የኮንፌዴሬሽን ስምምነት ሲጸድቅ በኒው ሃምፕሻየር፣ በማሳቹሴትስ፣ በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲና በሰሜን ካሮላይና ነጻ የሆኑ ጥቁሮች ሌላውን መስፈርት ካሟሉ ድምፅ ይሰጡ ነበርና፣ ሕገ መንግሥቱን ካቆመው ሕዝብ ውስጥ እነሱም ነበሩበት ሲል አስረዳ። ማስረጃው በመዝገብ የሰፈረ ነበር፤ ቴኒ ግን አላየውም ወይም ሊያየው አልፈለገም። ከርቲስ በዚያው ዓመት ወንበሩን ለቀቀ።

ቴኒ የዘጋውን በር ለመክፈት የእርስ በርስ ጦርነት አስፈለገ። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ በ1862 የሊንከን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ቤትስ ነጻ ሆነው በአሜሪካ የተወለዱ ጥቁሮች ዜጎች ናቸው የሚል የሕግ አስተያየት ሰጠ። በ1865 ባርነት በ13ኛው ማሻሻያ ከተሻረ በኋላ የኢሊኖዩ ሴናተር ላይማን ትረምቡል ያቀረቡት የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ለውጭ መንግሥት ተገዢ ያልሆኑና በአገሪቱ የተወለዱ ሰዎች ሁሉ፣ ግብር ከማይከፍሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በቀር፣ ዜጎች ናቸው ብሎ ደነገገ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ማርች 27 ቀን 1866 ሕጉን በተቃውሞ መልሰው ሲልኩ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሕጉ በፓሲፊክ ጠረፍ ያሉ ቻይናውያንንና ጂፕሲ ተብለው የሚጠሩትን የሮማ ሕዝቦችም ዜጋ ያደርጋል የሚል ነበር። ኮንግረስ ተቃውሞውን ሽሮ ሕጉን ኤፕሪል 9 ቀን አጸደቀው። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የትውልድ ቦታ ዜግነት የስደተኛ ልጆችንም እንደሚጨምር ደጋፊም ተቃዋሚም በአደባባይ የሚያውቀው ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ የወጣ ተራ ሕግ ነገ በሚመረጥ ኮንግረስ ሊሻር ይችላል፤ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ተወካዮች ሲመለሱም እንደሚሽሩት ብዙዎች ሰግተው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ከጊዜያዊ አብላጫ ድምፅ በላይ ወደሆነው ወደ ሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ተፈለገ።

ሜይ 30 ቀን 1866 በሴኔት የተካሄደው ክርክር ሰፋ ብሎ መታየት ይገባዋል፤ የአርቃቂዎችን ሐሳብ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምንጭ አያገኝምና። የሚቺጋኑ ሴናተር ጄኮብ ሃዋርድ የዜግነቱን ዓረፍተ ነገር በማሻሻያው መጀመሪያ ላይ እንዲገባ ሲያቀርቡ፣ አዲስ ነገር እየፈጠሩ ሳይሆን በአገሪቱ ሲሠራበት የኖረውን ሕግ እየገለጹ መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚህ ውጪ የሚሆኑትም የአምባሳደሮችና የውጭ መንግሥት መልእክተኞች ቤተሰብ የሆኑ ባዕዳን ናቸው፤ የቀረው ወገን ሁሉ ይካተታል አሉ። የትውልድ ቦታ ዜግነትን ዛሬ የሚቃወሙ ወገኖች ከዚህ ንግግር ውስጥ ባዕዳን የሚለውን ቃል ለብቻው ነጥለው የውጭ አገር ዜጎች ልጆች በሙሉ ተወግደዋል ይላሉ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ግን ይህን ንባብ የሚደግፍ አይደለም።

ሃዋርድ እንደተቀመጡ የፔንሲልቬኒያው ኤድጋር ካውን ተነሥተው በካሊፎርኒያ የሚወለድ የቻይናዊ ልጅ ዜጋ ሊሆን ነው ወይ፣ በፔንሲልቬኒያስ የሚወለድ የጂፕሲ ልጅ ሲሉ ጠየቁ። ጂፕሲዎችን ሲገልጹም ለመንግሥት ታማኝነት የሌላቸው፣ ግብር የማይከፍሉ፣ በውትድርና የማያገለግሉ፣ በደረሱበትም የሰው መሬት ያለፈቃድ ገብተው የሚሰፍሩ ሕዝቦች ናቸው አሉ። ካሊፎርኒያ በቻይናውያን ትጥለቀለቃለች የሚል ስጋትም ጨመሩ። ለካውን የመለሱላቸው የካሊፎርኒያው ሴናተር ጆን ኮነስ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው አየርላንድ ተወልደው በስደት የመጡ ሰው ነበሩ። በካሊፎርኒያ የሚወለዱ የቻይናውያን ልጆች ጥቂት እንደሆኑ ካስረዱ በኋላ፣ ወላጆቻቸው ማንም ይሁኑ ማን በአገሪቱ የተወለዱ ልጆች ዜጎች እንዲሆኑና በሕግ ፊት እኩል እንዲታዩ እንደሚደግፉ ያለ ማወላወል ተናገሩ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ተቃዋሚው ሕጉ ይህን ያደርጋል ብሎ ይከሳል፤ ደጋፊው አዎን ያደርጋል፣ ማድረጉም መልካም ነው ብሎ ይመልሳል። በዚያ ቀን ከደጋፊዎቹ ወገን ካውንን አይዞዎት፣ ሐረጉ የስደተኛን ልጅ ያስወጣል ያላቸው ሰው የለም። ሕግ አውጪዎች ስለ አንድ ውጤት ተነግሯቸው፣ ተከራክረውበት፣ ውጤቱን አውቀው ድምፅ ከሰጡ ሐሳባቸው ይህ አልነበረም ለማለት አስቸጋሪ ነው።

ለተቃራኒው ወገን ብርታት የሚሰጠው የዚያው ቀን ሌላው ክርክር ነው። የዊስኮንሲኑ ጄምስ ዱሊትል ግብር የማይከፍሉ ነባር ሕዝቦችን የሚያስወጣ ሐረግ በግልጽ እንዲጨመር ሲጠይቁ፣ ትረምቡል አያስፈልግም፣ ለሥልጣን ተገዢ መሆን ማለት ለሌላ ለማንም ታማኝነት ሳይኖር በሙሉ ሥልጣን ሥር መሆን ማለት ነው ብለው መለሱ። ይህ ቃል ብቻውን ሲነበብ የሌላ አገር ዜጋ የሆነን ሰው ልጅ የሚያስወጣ ይመስላል። ትረምቡል የሚናገሩት ግን የራሳቸው መሪ፣ የራሳቸው ሕግና ዳኝነት ስለነበራቸው፣ ዩናይትድ ስቴትስም ከመንግሥት ጋር እንደሚደረገው የውል ስምምነት ትፈርምላቸው ስለነበሩ ነገዶች ነበር፤ የነገዱ አባል በነገዱ አባል ላይ ለሚፈጽመው በደል የአሜሪካ ፍርድ ቤት አይጠራቸውም ነበርና። በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናዊ ቢሰርቅ ግን የከተማው ፖሊስ ይይዘዋል፣ ዳኛው ይፈርድበታል፣ ግብሩንም ይከፍላል። ዱሊትል ያቀረቡት ጭማሪ በድምፅ ወደቀ። ሴኔቱ ማሻሻያውን ጁን 8 ቀን 33 ለ11፣ የተወካዮች ምክር ቤት ጁን 13 ቀን 120 ለ32 በሆነ ድምፅ አሳለፉት፤ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች እንዲያጸድቁ በተገደዱበት የመልሶ ግንባታ ዘመንም በጁላይ 1868 የሕገ መንግሥቱ አካል ሆነ።

በ1866 ሕገ ወጥ ስደተኛ የሚባል ነገር ስላልነበረ አርቃቂዎቹ ስለዚህ ወገን ሊያስቡ አይችሉም የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የፌዴራሉ መንግሥት በፈቃዳቸው የሚገቡ ሰዎችን መከልከል የጀመረው በ1875 በመሆኑ መከራከሪያው በግማሹ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ከ1808 ጀምሮ ባሪያ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ወንጀል ሆኖ ሳለ አፍሪካውያን በድብቅ መግባታቸው አልቆመም። በ1860 ክረምት ክሎቲልዳ የተባለችው መርከብ ከዛሬዋ ቤኒን ጠረፍ 110 ያህል ሰዎችን ጭና በሌሊት ወደ ሞቢል፣ አላባማ ገባች፤ የመርከቧ አዛዥም ማስረጃ ለማጥፋት በእሳት አቃጥሎ አሰጠማት። እነዚህ ሰዎች በአሜሪካ ምድር የተገኙት አሜሪካ በከለከለችው መንገድ ነበር፤ በራሳቸው ፈቃድ እንዳልመጡ ቢታወቅም ወላጆቹ የገቡበት መንገድ ሕጋዊ መሆን ለልጁ ዜግነት መስፈርት ቢሆን ኖሮ የእነሱ ልጆች ከማሻሻያው ውጪ በሆኑ ነበር። ከመካከላቸው ከጦርነቱ በኋላ በሞቢል አጠገብ መንደር ቆርቁረው የኖሩ ነበሩ፤ አፍሪካታውን የተባለችው መንደራቸው ዛሬም አለች፣ ከመርከቧ ተሳፋሪዎች ታዋቂው ኮሶላ ወይም ከጆ ሉዊስም እስከ 1935 በሕይወት ኖሯል። ማሻሻያው ከሁሉ በፊት የተጻፈው ለባሪያዎችና ለልጆቻቸው ሆኖ ሳለ፣ በኮንትሮባንድ የመጡትን ልጆች ለይቶ ያስቀራል ብሎ ማንበብ የማሻሻያውን ዓላማ መካድ ነው። ካውንም ያለፈቃድ ሰፋሪ ብለው የገለጿቸው ሰዎች ልጆች ዜጋ መሆናቸውን እንደ ጥፋት እንጂ እንደ አጠራጣሪ ነገር አላቀረቡትም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከማሻሻያው በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ አቋም አልጸናም። በ1873 በሰፊው የቄራዎች ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው ውሳኔ ዳኛ ሳሙኤል ሚለር ለጉዳዩ በማያስፈልግ ቦታ ላይ ሐረጉ የውጭ አገር ዜጎችን ልጆች ያስወጣል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ዛሬም ድረስ ተቃዋሚዎች ይጠቅሱታል። በ1884 ደግሞ ከነገዱ ተለይቶ በኦማሃ ከተማ የኖረው ጆን ኤልክ ለመራጭነት እንዳይመዘገብ በመከልከሉ ባቀረበው ክስ፣ ዳኛ ሆረስ ግሬይ የነገድ አባል ሆኖ የተወለደ ሰው በራሱ ፈቃድ ብቻ ዜጋ አይሆንም ብሎ ፈረደበት። የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች በሙሉ ዜግነት ያገኙት ኮንግረስ በ1924 ሕግ ሲያወጣ ነው። በገዛ አገራቸው የመጨረሻዎቹ ዜጎች መሆናቸው የዚህ ታሪክ አሳፋሪ ክፍል ነው።

ቁርጡ የታወቀው በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ነው። ዎንግ በ1873 በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር ከነጋዴ ወላጆች የተወለደ ምግብ አብሳይ ነበር። ኮንግረስ በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ካወጣ ወዲህ፣ ቻይናዊ መልክ ያለው ሰው ከአገር ወጥቶ ለመመለስ የትውልዱን ማስረጃ ይዞ መሄድ ነበረበት። ዎንግ በኖቬምበር 1894 ወደ ቻይና ሲጓዝ ይዞት የሄደው ወረቀት ዛሬም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ ፎቶግራፉ የተለጠፈበት ሲሆን፣ በሳን ፍራንሲስኮ መወለዱን እናውቃለን ያሉ ነጭ ምስክሮች ፈርመውበታል። አንድ ሰው የተወለደበትን ከተማ እንዲያምኑለት ነጭ ምስክር ያስፈልገው የነበረበት ዘመን ነበር። በኦገስት 1895 ኮፕቲክ በተባለች መርከብ ሲመለስ የጉምሩክ ሹሙ ጆን ዋይዝ ወረቀቱን አይቶ፣ መወለዱንም ሳይክድ፣ ዜጋ አይደለህም ብሎ ከለከለው። ዎንግ በወደቡ ላይ ከመርከብ መርከብ እየተዛወረ ለወራት ታሰረ። የቻይናውያን ማኅበራት ጠበቃ ቀጥረውለት አካልን ነጻ የማውጣት ክስ፣ ማለትም የእስሩ ሕጋዊነት እንዲመረመር ለዳኛ የሚቀርብ አቤቱታ፣ ሲመሠረት የአካባቢው የፌዴራል ዳኛ ዊሊያም ሞሮው በጃንዋሪ 1896 ፈረደለት። መንግሥት ግን ይግባኝ አለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 28 ቀን 1898 ስድስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለዎንግ ወሰነ። ፍርዱን የጻፈው ኤልክን ያሳፈረው ያው ሆረስ ግሬይ ነው። ግሬይ ከካልቪን ጉዳይ ተነሥቶ የልማዱን ሕግ በሰፊው ከዘረዘረ በኋላ፣ ከትውልድ ቦታ ደንብ ውጪ የሚሆኑት የአምባሳደሮች ልጆች፣ በውጭ መንግሥት መርከብ ላይ የተወለዱ፣ በጠላት ወረራ ሥር በጠላት የተወለዱና የነገድ አባላት ልጆች ብቻ እንደሆኑ ገለጸ። በአገሩ ለጊዜው የተገኘ ባዕድም ቢሆን እስካለ ድረስ የሕጉ ተገዢ ነውና የሚወልደው ልጅ የአገሩ ልጅ ነው የሚለውን የኩክን አስተያየትም ጠቀሰ። ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው መከራከሪያው ግን ነጮችን የሚመለከት ነበር፦ የመንግሥት ንባብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ከእንግሊዛውያን፣ ከስኮትላንዳውያን፣ ከአየርላንዳውያንና ከጀርመናውያን ወላጆች ተወልደው ሁልጊዜ እንደ ዜጋ ሲታዩ የኖሩት ሺሕዎች ዜግነታቸውን ያጡ ነበር። በተቃራኒው ፕሬዚዳንት ዳኛው ሜልቪል ፉለር፣ አሜሪካ ከንጉሥ ስትለይ የንጉሡን የታዛዥነት ሕግም ትታለች፣ መንገደኛ ወላጅ የወለደው ልጅ ለፕሬዚዳንትነት ብቁ ሆኖ በውጭ አገር ከአሜሪካውያን የተወለደው አለመሆኑ አይገባም ሲል ተከራከረ። ከፉለር ጋር የቆመው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነው። በ1896 ዘርን መሠረት ያደረገ የባቡር መቀመጫ መለያየትን ብቻውን የተቃወመውና በኤልክ ጉዳይም ለነባሩ ሰው የቆመው ይህ ዳኛ፣ ለቻይናዊው ልጅ ሲሆን ፊቱን ማዞሩ በጣም ያሳዝናል።

ውሳኔው ለዎንግ የራሱን ዕድሜ ሙሉ ሰላም አላስገኘለትም። በ1901 በኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ እንደገና ተይዞ ዜግነቱን ለማስረዳት ተገድዷል። ሕጉ ግን ጸና። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በአሜሪካ የተወለደ የስደተኛ ልጅ፣ ወላጆቹ ፈቃድ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ በዜግነት ሲመዘገብ ኖረ። በ1982ም ስለ ትምህርት በቀረበ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ ለሥልጣን ተገዢ በመሆን ረገድ በሕጋዊና በሕገ ወጥ መንገድ በገባ ሰው መካከል ልዩነት እንደሌለ ጽፏል።

የአርቃቂዎች ሐሳብ የሚለው የአተረጓጎም ዘዴ የፖለቲካ ባንዲራ የሆነው በ1980ዎቹ ነው። የፕሬዚዳንት ሬገን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤድዊን ሚስ በ1985 በጠበቆች ማኅበር ፊት ባደረጉት ንግግር ዳኞች ሕገ መንግሥቱን በመጀመሪያው ሐሳብ መሠረት ብቻ ይተርጉሙ አሉ። ዳኛ ዊሊያም ብሬናን በዚያው ዓመት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲመልሱላቸው የብዙ ሰዎችን የተደበቀ ሐሳብ አውቃለሁ ማለት ትሕትና መስሎ የሚታይ ትዕቢት ነው የሚል ትችት ሰነዘሩ። በቀጣዩ ዓመት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የዘዴው መሠረት ከአርቃቂዎቹ የግል ሐሳብ ወደ ቃላቱ በዘመኑ አንባቢ ዘንድ ወደነበራቸው ትርጉም እንዲዛወር ጠየቁ፤ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ይህ ነው። በዜግነቱ ጉዳይ ላይ ግን በሁለቱም መንገድ የሚደረሰው ወደ አንድ ቦታ ነው። ሐሳብ ከተፈለገ ካውንና ኮነስ አሉ፤ የዘመኑ ትርጉም ከተፈለገ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጋዜጣ በታተመ ተቃውሟቸው የሲቪል መብቶች ሕጉ የቻይናዊን ልጅ ዜጋ ያደርጋል ብለው ለሕዝብ ነግረዋል። በ1985 ፒተር ሹክና ሮጀርስ ስሚዝ የተባሉ የየል ምሁራን፣ ዜግነት የሁለት ወገን ፈቃድ ነውና አገር ያልተስማማችበት ሰው ልጅ በሕገ መንግሥቱ አይሸፈንም የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ሐሳቡ በፖለቲካ ፍልስፍና ክብደት ሊኖረው ይችላል፤ ከ1866 መዝገብ የተቀዳ ነው ለማለት ግን ያዳግታል። ማሻሻያው የተጻፈው ብዙኃኑ ያልተስማማባቸውን ሰዎች ከብዙኃኑ ፈቃድ ለማላቀቅ ነበርና።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በፈረሙት ትእዛዝ፣ እናቲቱ በአገሪቱ ያለችው ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ ከሆነ፣ አባትየውም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ካልሆነ፣ የሚወለደው ልጅ ዜጋ ተብሎ እንዳይመዘገብ አዘዙ። ከሦስት ቀን በኋላ በሲያትል ዳኛ ጆን ኮግነር፣ እሳቸውም በሬገን የተሾሙ፣ ትእዛዙን በግልጽ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ብለው አገዱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 27 ቀን አንድ የፌዴራል ዳኛ ለአገር በሙሉ የሚሠራ እግድ የመስጠት ሥልጣኑን ሲያጠብ የዜግነቱን ጥያቄ ሳይነካ አለፈ፤ በጁላይ የኒው ሃምፕሻየር ዳኛ በቡድን ክስ መንገድ ልጆቹን በሙሉ የሚጠብቅ ሌላ እግድ ሰጠ፤ በዲሴምበር 2025ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍሬ ነገሩን ለመስማት ተስማማ። የመንግሥት ጠበቆች የያዙት ዋናው ነጥብ የዎንግ ወላጆች ቋሚ መኖሪያ ነበራቸው፣ ውሳኔውም ከዚያ አያልፍም የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ግሬይ የዎንግን ወላጆች ቋሚ ነዋሪነት ደጋግሞ ጠቅሷል። ነገር ግን የማሻሻያው ቃል ስለ ወላጅ መኖሪያ አንዳች አይናገርም፤ የግሬይም ምክንያት የተመሠረተው ልጁ በተወለደበት ምድር ሕግ ሥር መሆኑ ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በዳላስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። በተማሪ ቪዛ የመጣች ሴት፣ በሥራ ፈቃድ ያለች ባለሙያ፣ በጊዜያዊ ጥበቃ የሚኖሩ ባልና ሚስት የትእዛዙ ቃል ይሸፍናቸዋል። በኢትዮጵያ ሕግ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ የተወለደ ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ አገር አልባ አይሆንም ይባል ይሆናል፤ ለልጁ ግን ይህ በተወለደበት ከተማ የመኖር መብት አይሰጠውም። ወላጆቹ ከመንግሥት ሸሽተው ጥገኝነት የጠየቁ ከሆኑ ደግሞ የልጃቸውን ወረቀት ለማግኘት የሸሹትን መንግሥት ኤምባሲ ደጅ መጥናት ሊገደዱ ነው።

የትውልድ ቦታ ደንብ ለዘመኑ አይበጅም የሚል ሰው ሐሳቡን የማቅረብ መብት አለው፤ በ1993 የኔቫዳው ሴናተር ሃሪ ሪድም ደንቡን የሚያጠብብ ረቂቅ አቅርበው ነበር፣ በኋላ ራሳቸው ተጸጸቱበት እንጂ። ለለውጥ የተዘጋጀው መንገድ የታወቀ ነው፦ የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች የ38ቱ ማጽደቅ። ሃዋርድና ትረምቡል ዜግነትን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያስቀመጡት በዚህ መንገድ ካልሆነ በስተቀር ማንም እንዳይነካው ብለው ነው፤ የአርቃቂዎችን ሐሳብ አከብራለሁ የሚል ወገን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያከብረው የሚገባው ይህን ሐሳብ ነው።